ጢስ የጠጣ ጋን

«ጋኑን በምን አጠንሽው?»

ገና ጫማዬን አውልቄ አልተቀመጥኩም። ጓደኛዬ ከወልድያ ስንነሳ ለእናቷ ደውላ ጉዳዬን ነግራቸው ስለነበር የእማማ የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ሆነ። ባለፈው ዓመት ለእናቴ ሙት ዓመት፣ አዲስ አበባ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤቴ ጠላ ጠምቄ ነበር። ጌሾውንም ብቅሉንም ከገበያ ገዛሁ፤ በሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ደፈደፍኩ፤ ቀን ቆጠርኩ። በስምንተኛው ቀን ስከፍተው ሆምጥጧል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ደጇን የረገጠውን ሁሉ በጠላ ስትቀበል ኖራ፣ የሷን መታሰቢያ በሳጥን ቢራ አሳለፍኩት። ያ ነገር ዓመቱን ሙሉ ከሆዴ አልወጣም።

«በርሜል ነው እማማ፤ አላጠንኩትም» አልኳቸው።

«እንግዲያ ምን ያድርግ፣ ልጄ» አሉ። ያዘኑት ለጠላው ነበር።

ቆቦ ድረስ የመጣሁት ለዚህ ነው። ለኅዳር ሚካኤል ማኅበሩን የሚያወጡት እማማ ስለነበሩ፣ ከሚጠነሰስበት ቀን ጀምሮ አጠገባቸው እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ።

ቆቦ ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ጎብዬንና ሮቢትን እያለፈ ወደ ሜዳው ሲወርድ አየሩ ይለወጣል፤ ወልድያ ላይ ደርቤው የነበረው ሹራብ ሮቢት ላይ ጉልበቴ ላይ ነበር። በምዕራብ የግዳንና የላስታ ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ መሐሉ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የተነጠፈ ሜዳ። ከዞብል ማዶ አፋር ነው። ሜዳው አፈሩን የሚያገኘው ከተራሮቹ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ የደጋውን ደለል ተሸክሞ ይወርዳል፣ የራያ ገበሬም ጎርፉን እየጠለፈ ማሳው ውስጥ ያሳድረዋል። አሁን አሁን በሆርማትና በጎሊና አካባቢ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይለማል። ጤፉም ስም ያለው ነው። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ግን ከመኪናው መስኮት ዓይን የሚሞላው ማሽላ ነው። ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ፣ ራሱን አጎንብሶ፣ አንዳንዱ ማሳ ነጭ፣ አንዳንዱ ደም የመሰለ ቀይ። ማማ ላይ የወጡ ልጆች ወንጭፍ እያስጮኹ ወፍ ይጠብቃሉ።

ራያ ላይ ከማሽላ የሚጣል ነገር የለም። እሸቱ ይጠበሳል፤ ጥንቅሹ ተልጦ ይመጠጣል፤ እህሉ እንጀራ፣ ቂጣ፣ ንፍሮ ይሆናል፤ የደረቀው አገዳ መኖም አጥርም ማገዶም ነው። ጠላ ከዚህ ሁሉ ሲተርፍ የሚጠመቅ ይመስለኝ ነበር። እማማ ቤት አሥራ ሁለት ቀን ስቀመጥ ነገሩን ገልብጬ አየሁት፤ በዚህ ቤት ከማሽላው የትኛው እንደሚዘራ የሚወስነው ጠላው ነው።

ወጥ ቤቱ ከመኖሪያው ተለይቶ የተሠራ፣ ግድግዳው በጥላሸት የጠቆረ ጎጆ ነው። ከምድጃው በላይ፣ ከጣሪያው ማገር ላይ፣ አራት የማሽላ ዛላዎች ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። ጢሱ ስላጠቆራቸው መጀመሪያ የከሰል ቁራጭ መስለውኝ ነበር። እማማ አንዱን በጣታቸው ፈተጉት፤ ከጥቁሩ ሥር ቀይ ፍሬ ብቅ አለ።

«ዘር ነው። ጢሱ ነቀዝ አያስጠጋውም» አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን እህል የሚባል አልነካንም። ጋን ስናጥብ ዋልን። ግራዋ ከጓሮ ተቀጠፈ፤ ቅጠሉ በውኃ እየታሸ ጋኑ ውስጡ እስኪንጫጫ ተፈተገ፤ ተለቀለቀ፤ ፀሐይ ላይ ዋለ። ማታ ላይ እማማ የወይራ ፍልጥ በሸክላ ገል ላይ አቀጣጥለው ነበልባሉን አጠፉና፣ ጋኑን በጢሱ ላይ አፉን ደፉት። ወይራው ከዞብል ግርጌ የመጣ ነው፤ ልጃቸው የደረቀ ቅርንጫፍ ብቻ እየለቀመ ያመጣላቸዋል። ደጋ ላይ በጥንጁት የሚያጥኑም አሉ። ጋኑ ተነስቶ ውስጡን ሳሸተው እናቴ ትዝ አለችኝ፤ የእሷ ጓዳ ጠረን ይኸው ነበር። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቃት ነው ያለፈችው።

ሸክላ ትንንሽ ቀዳዳ ያለው ዕቃ ነው። ውኃ የማይደርስበት ቀዳዳ ውስጥ የቀረው አሮጌ ጠላ ኮምጥጦ ይቆይና አዲሱን ያበላሻል፤ ጢስ ግን እዚያ ድረስ ይገባል፣ ተሐዋስያኑን ይገድላል፣ ጠረኑንም ትቶ ይወጣል። እማማ ይህን የሚሉት በሦስት ቃል ነው፤ «ጋን ጢስ ይጠጣል።» ደግሞም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም የሚጠጣው። አሁን ያለው ጋናቸው አዲስ ስለሆነ ገና አልጠገበም ይላሉ። የድሮዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ከእናታቸው የመጡ። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ቆቦ ደረሰ፣ በ2014 ዓ.ም. ነሐሴም ተመልሶ መጣ። ቤቱን ትተው ወጥተው ሲመለሱ ሁለቱም ጋኖች ተሰባብረው ጠበቋቸው። ዛላዎቹ ግን ከማገሩ ላይ እንደተንጠለጠሉ ነበሩ፤ ጥላሸት ያለበሰውን ነገር የሚመኝ አልተገኘም። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ አላወሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ተጠነሰሰ። ጌሾ የደጋ ነገር ነው፤ ቆቦ ገበያ ላይ በአህያ ተጭኖ ከላይ ይወርዳል። እማማ ግን ዕቃ የሚያጥቡበት ውኃ በሚፈስበት በኩል ሁለት ግንድ አብቅለዋል፤ ሙቀቱን የቻሉት በዚያ ውኃ ነው። ቅጠሉ ደርቆ ተወቀጠና ከውኃ ጋር ጋኑ ውስጥ ገባ። እንጨቱ ደግሞ ተከትክቶ ለድፍድፉ ተቀመጠ። ሦስት ቀን። እርሾ ብሎ የጨመረ ሰው የለም፤ እርሾው ከቅጠሉ፣ ከብቅሉ፣ ከቤቱ አየርና ከጋኑ ከራሱ ነው የሚነሳው። በሦስተኛው ቀን የብቅል ዱቄትና የተቆራረሰ ቂጣ ተጨመረበት። በዚያ ምሽት አረፋው ብቅ ሲል እማማ እንደ ሕፃን ጥርስ ነው ያዩት።

የጌሾን ምሬት የመረመሩት የራሳችን ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ብርሃኑ አበጋዝና ተስፋዬ ከበደ የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከቅጠሉ የሚመርረውን ንጥረ ነገር ለይተው «ጌሾይዲን» ብለው ሰየሙት። ተክሉ ከእኛ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይበቅላል፤ ለጠላና ለጠጅ ያዋለው ግን የእኛና የኤርትራ ሰው ነው። ፈረንጆች ለቢራቸው ሆፕ ይጨምራሉ፤ እንደ ጌሾ ሁሉ ይመርራል፣ መጠጡንም ከመበላሸት ይጠብቃል። ከሆፕ በፊት እነሱም የየሜዳቸውን ቅጠላ ቅጠል ነበር የሚጨምሩት፤ እየዋለ እያደረ ግን ሆፕ አሸነፈ፣ እ.ኤ.አ. በ1516 የባቫሪያ መሳፍንት ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውኃ በቀር ምንም እንዳይገባበት በአዋጅ ደነገጉ። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ገብሱን በጓሮው ዘርቶ፣ ቅጠሉን ከጫካ ለቅሞ ቢራ የሚጠምቅ ሰው እየበዛ ነው፤ የጠፋበትን መንገድ በመጽሐፍ እያነበበ ይፈልጋል። እማማ መንገዱን አላጡትም። የሚያሳስበኝ እኔ መሐል ላይ መቆሜ ነው፤ ከእናቴ ሳልማር፣ መጽሐፉም ሳይጻፍልኝ።

እንዲያውም ማስታወሻ ደብተር ይዤ ነበር። ሁሉን በግራም ልጽፍ አስቤ «ብቅሉ ስንት እፍኝ ነው?» ስላቸው፣ «የማን እፍኝ?» አሉኝ። እጄን ዘረጋሁ፤ እጃቸውን ዘረጉ። የእሳቸው መዳፍ ሰፊና ጠንካራ ነው። «በኔ ሰባት፤ በአንቺ ዘጠኝ በዪው።» እንዲያው ጻፍኩት።

ብቅሉ የገብስ ነው። ከግዳን በኩል የወረደ ገብስ ውኃ ውስጥ አድሮ፣ በጉሎ ቅጠል ተሸፍኖ፣ ጭራ አውጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ደርቋል፤ ይህን እኔ ከመድረሴ በፊት ጨርሰውት ነበር። ማሽላም ብቅል ይሆናል፣ ያደርጉታልም፤ ለማኅበር ግን የገብሱን ይመርጣሉ። እንግዲህ አንድ ጋን ውስጥ የደጋው ገብስ ከቆላው ማሽላ ጋር ሊገናኝ ነው። ገበያ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ከላይ ገብስና ጌሾ የጫነ አህያ ይወርዳል፣ ከታች ማሽላና ጤፍ የጫነ ይወጣል፣ ከዞብል ማዶ ደግሞ አፋሩ ፍየሉንና ጨውን ይዞ ይመጣል።

የሥራው ልብ እንኩሮው ነው፤ እዚህ ላይ ልቆይ።

ቀዩ ማሽላ ተቆልቶ አሻሮ ሆነ፤ ተፈጨ። እማማ ዱቄቱን በሰፊ ገበቴ ላይ አድርገው ውኃ እንደ ካፊያ ረጩበት። አላቦኩትም። በሁለት እጃቸው እያሹ፣ እያነሱ፣ እያፈሰሱ ነበር፤ ሊጥ ሊሆን ሲል ይተዉታል፣ ሊደርቅ ሲል ይረጩበታል። የአተር ፍሬ የሚያክል ፍርፋሪ ሲሆን የጋለ ምጣድ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ዓይናቸው ከምጣዱ አልተነሳም። ማማሰያው ከዳር ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ዳር። በመጀመሪያ የወጣው እንፋሎት የጥሬ ዱቄት ጠረን ነበረው። ቀጥሎ የገንፎ። ከዚያ የትኩስ ዳቦ። እማማ ቆንጠር አድርገው በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል ጨፈለቁት፤ ውስጡ ገና ነጭ ነበር፣ ቀጠሉ። በሦስተኛው ጊዜ ሲጨፈልቁት ውስጡም ውጪውም አንድ ዓይነት ቡናማ ሆኖ፣ ሲጫኑት እንደ ሙጫ ያዝ አደረገ። «በሰለ» አሉ። እሳቱ ተጎተተ።

በርሜሌ ውስጥ ሁለተኛው ስህተቴ እዚህ ላይ ተገለጠልኝ። እኔ ዱቄቱን እንዲሁ ለብ ለብ አድርጌ ነበር ያስገባሁት፤ የብቅሉ ጉልበት ይበቃል ብዬ። ገብስ ላይ ያ ትንሽ ያስኬድ ይሆናል። የማሽላ ስታርች ግን ከገብሱ የበለጠ ሙቀት ካላገኘ አይከፈትም፤ ካልተከፈተ ደግሞ ብቅሉ ወደ ስኳር ሊለውጠው አይችልም፤ ስኳር ካላገኘ እርሾው ይራባል፣ ቦታውን አኮምጣጩ ባክቴሪያ ይወስደዋል። ይህን እኔ ከተመለስኩ በኋላ አንብቤ ነው ያረጋገጥኩት። እማማ ግን በሁለት ጣታቸው መሐል ያውቁታል፤ «ጥሬ ከገባ ጌሾው ብቻውን ይቀራል» ነው ያሉኝ።

እንኩሮው ቀዝቅዞ ከብቅሉና ከጌሾው እንጨት ጋር በጥንስሱ ላይ ሲገባ ድፍድፍ ሆነ። ጋኑ ከጥላው ማዕዘን ገባ፤ ሥሩ ያለው መሬት በውኃ ተረጨ፣ ዙሪያው በጠጠር ተሸነቆረ። ጋን በጠጠር ይደገፋል ሲባል ስሰማ ነው ያደግኩት፤ ጠጠሮቹን በእጄ ስሸነቁር ግን የመጀመሪያዬ ነበር፤ አንዷ ስትላላ ያ ሁሉ ሸክም ወደ እኔ ዘመም ሲል ተሰማኝ። ቆላ ላይ ድፍድፉ ይቸኩላል። እማማ ጠዋትና ማታ ጆሯቸውን ጋኑ ላይ ያስጠጋሉ፤ እኔም አስጠጋሁ። ውስጡ ዝናብ በሣር ክዳን ላይ የሚዘንብ ያህል ይንሾካሾካል።

እንኩሮው በሚታመስበት ቀን ጎረቤታቸው መጥተው ነበር፤ ሙስሊም ናቸው። አሻሮውን አብረው አበጠሩ፣ ምጣዱን ተቀበሏቸው፣ ብስለቱን በጠረኑ ተከራከሩ፤ ከጠላው ግን አይቀምሱም። በሚቀጥለው ወር ልጃቸውን ይድራሉና የቀሪቦውን ገብስ እማማ ሊቆሉላቸው ቀጠሮ ይዘዋል። ቀሪቦ ገብሱ እስኪጠቁር ተቆልቶ፣ በውኃ ተፈልቶ፣ ስኳርና ትንሽ እርሾ ገብቶበት ሳያሰክር የሚጠጣ ነው፤ ወሎ ላይ የሙስሊም ሠርግ ያለ እሱ አይሆንም። ምጣዱ አንድ፣ ገብሱ አንድ፣ ቆዪዋም አንድ ናት፤ የሚለያየው የሚገባበት ዕቃ ነው። ሁለቱ ሴቶች ስለ ሃይማኖት አንድም ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም። ስለ እሳት ነበር የሚያወሩት።

የቀዩን ማሽላ ጉዳይ ያነሳው የእማማ ልጅ ነው። ማታ ከማሳ ሲገባ ደብተሬን አይቶ «ጠላውን ከጻፍሽ ዝናቡንም ጻፊው» አለኝ።

ቀዩ ማሽላ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ነው። ሚያዝያ ላይ በበልጉ ዝናብ ተዘርቶ፣ ክረምቱን ጠግቦ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይደርሳል። በልጉ ካልመጣ ወይም ብቅ ብሎ ከጠፋ ቀዩ አይሆንም። ያኔ ገበሬው ሐምሌን ጠብቆ ቶሎ የሚደርሰውን ነጭ ይዘራል፤ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው መካከል «ሆርማት» እና «ጊራና-1» የዚህ አገር ስም የያዙ ናቸው። ልጃቸው እነዚህን ይወዳቸዋል፤ ቤተሰብ ያበላሉ። የአቀንጭራውንም ነገር አጫወተኝ፤ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ የሚመጠምጥ፣ ወይን ጠጅ አበባ ያለው ክፉ አረም። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ናቸው፤ ከሥራቸው ከወጡት ዝርያዎች አንዱ «ጎብዬ»፣ ሌላው «አብሽር» ይባላል። ወሎ ላይ አብሽር አይዞህ ማለት ነው። እማማ ስለ በርሜሌ ስነግራቸው በመጨረሻ ያሉኝ ይህንኑ ነበር፤ «አብሽሪ።»

«እማ፣ ዝናቡ እኮ አይጠብቅልንም» አለ ልጅየው ወደ እናቱ ዞሮ። የቆየ ክርክራቸው መሆኑ ያስታውቃል።

«እኔስ መች ሁሉን ቀይ አድርገው አልኩህ? ጎርፉ የሚያድርበትን ሁለት ጥማድ ተውልኝ ነው ያልኩህ። በነጩ ጠላ ጠምቄ ማኅበርተኛ ፊት አላቀርብም።»

ነጩ ጠላ አይሆንም ማለት አይደለም፤ ይሆናል። እሳቸው ግን ቀለሙ ይሳሳል፣ ጉሮሮ ላይ አይቆይም ይላሉ። በዚያ ላይ ቀዩ ፍሬው ስለሚጎመዝዝ ወፍ እንደ ነጩ አይረባረብበትም፤ «ወፍ አይበላሽ» የሚባል ማሽላም አለ፣ ስሙ ታሪኩን ይናገራል። ገበያ ላይ ግን ዋጋ የሚያወጣው ነጩ ነው። ለገበያ ቢሆን ቀዩ ከዚህ ቤት ከወጣ ቆይቶ ነበር። ሁለቱ ጥማድ ላይ ያቆየው የአንዲት ሴት ጠላ ነው።

ይህን ትንሽ ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው ቢኖር የወሎን ማሽላ ታሪክ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1973 ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲንግና አክስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ናሙናዎችን ሲመረምሩ፣ ላይሲን በሚባለው ለሰው አካል በሚያስፈልግ የፕሮቲን ክፍል የከበሩ ሁለት አገኙ። ሁለቱም የኢትዮጵያ፣ ሁለቱም የወሎ ነበሩ። ገበሬው እንዲህ ያለውን ማሽላ «ወተት በጉንጬ» ብሎ ይጠራው ነበር፤ ሳይንሱ ከመድረሱ በፊት ስሙ ደርሷል። ያቺው ዓመት ደግሞ ወሎ በረኀብ ያለቀባት ናት። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲመለስ በቆቦ፣ በአላማጣና በኮረም ያልነካው ቤት አልነበረም። በረኀብ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚበላው ዘር ነው። ዘሩን የበላ ገበሬ ዝናብ ቢመጣለትም የሚዘራው የራሱ ነገር የለውም። በእነዚያ ዓመታት እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውን የዕፅዋት ዘረመል ማዕከል ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ባልደረቦቻቸውን ይዘው ከድርቁ ቀድመው የገበሬውን ዘር ሲሰበስቡና በኋላም ወደ ገበሬው ማሳ ሲመልሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። አዲስ አበባ ያለው ማቀዝቀዣና የእማማ ማገር አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት። እኔ ሁለቱም ያስፈልጉናል ባይ ነኝ፤ ማቀዝቀዣው ዘሩን ያቆያል፣ ለምን እንደሚጠቅም የምታስታውሰው ግን የምትጠምቀው ሴት ናት።

ኅዳር 9 ድፍድፉ ላይ ውኃ ገብቶ ጋኑ ተመረገ። ኅዳር 12 ጠዋት ጭቃው ተነሳ። መጀመሪያ የመጣው ወይራው ነበር፤ ከዚያ ጌሾው። እማማ በጣሳ ቀድተው፣ በወንፊት አጥልለው፣ ለእኔ ሳይሆን በሩ ላይ ለቆመው ልጃቸው ሰጡት። ጠጣ፣ ጣሳውን አየ፣ እናቱንም አየ። «ይኸ የሁለቱ ጥማድ ነው» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ቀለሙ ከቡና የቀላ፣ ከጠጅ የጠቆረ ነበር። አፍ ሲገባ ለስላሳ ነው፤ ምሬቱ ቆይቶ ከምላስ ሥር ይመጣል፣ ጢሱ ደግሞ ከዋጡት በኋላ። ጉልበቱ ብዙ አይደለም፤ የቤት ጠላ አልኮል አብዛኛውን ጊዜ ከቢራ አይበልጥም። ቄሱ ዳቦውንና ጽዋውን ባረኩ፤ ማኅበርተኛው ተቀመጠ፤ ጽዋው ተዘከረ፤ ለሚቀጥለው ተረኛ ተላለፈ። ከሰዓት በኋላ ውኃ ተጨምሮ ቅራሪው ወጣና ማሳ ለዋሉት ተላከ። አተላው ለላሟ ሆነ። ጎረቤታቸው መጥተው ከዳቦው ቆርሰው ቡናውን ጠጥተው ሄዱ።

በማግስቱ ወደ ማሳው ወረድን። ሁለቱ ጥማድ ገና አልታጨደም። እማማ ማጭድ ይዘው ከሁላችንም ፊት ገቡ፤ ለዘር የሚሆነው አጫጆች ሳይገቡ ነው የሚመረጠው። ዛላ ይዘው ያዞራሉ፣ ከሥሩ አገዳውን በጥፍራቸው ይጫናሉ፣ ይለቁታል፤ ሌላ ይይዛሉ። ብዙ አልፈው አንድ ቆረጡ። እስከ ቀትር ሰባት ሆነ። ሦስቱን ለጎረቤታቸው ልጅ ሰጡት፤ እሱም ከጎርፉ ዳር ትንሽ መሬት አለው። አራቱን ወደ ቤት ይዘን ሄድን። ልጃቸው ወጥቶ አሮጌዎቹን ከማገሩ ላይ አወረደና አዲሶቹን ሰቀለ።

«እነዚህስ?» አልኩ ጥላሸት የለበሱትን እያየሁ።

«በልጉ ቢከዳን ብለን ነው ዓመቱን ያቆየናቸው። አሁን ነፃ ወጡ» አሉኝ። አራቱንም በጨርቅ ጠቀለሏቸው፤ አንድ ቁና ቀይ ማሽላ፣ የተወቀጠ ጌሾ፣ ከእንጨቱም፣ እጅ የሚሞላ የወይራ ፍልጥም ጨመሩበት። «ጋን ግዢ። ሦስት ጊዜ አጥኚው፤ መጀመሪያ አይጠጣልሽም። እንኩሮውን እንዳትቸኩዪበት።»

ወደ ወልድያ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ጥቅሉን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሮቢትን ስናልፍ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጨርቁን ስታሞቀው ወይራውና ጌሾው መኪናውን ሞሉት። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ጥቅሉ ዘንበል አሉ።

«የማን ድግስ ነው፣ ልጄ?»

«የእናቴ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።